አራት ባር ላንተ

ይድረስ ለአብሮ አደጌ፤

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኔ ከናፍቆትህ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ፈገግ አልክ አይደል? የሰፈር እናቶች ዓረብ አገር ላሉ ልጆቻቸው ደብዳቤ ሲያጽፉን በዚህ ነበር የምንጀምረው። ዛሬ የራሴ መግቢያ ስላጣሁ የእነሱኑ ተዋስኩ።

አምስት ዓመት ዝም አልኩህ። እናትህ ያረፉ ጊዜ በነጋታው ልደውልልህ ነበር። የማታ ፈረቃ ነበርኩና ተኛሁ። ሳምንት አለፈ። ከዚያ «አሁን ደግሞ ምን ብዬ እደውላለሁ?» አልኩ። ወር ሲሞላ ባሰብኝ። ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ሐዘንተኛውን ሲያይ መንገድ ይቀይር የለ? እኔም ስልኬ ላይ ስምህን ባየሁ ቁጥር እንደዚያ ነበር የሚያደርገኝ። ነፍሳቸውን በአጸደ ገነት ያኑርልን። ሌላ ወሬ ከመጀመሬ በፊት ይኸን ማለት ነበረብኝ።

አሁን ወደ ወሬዬ። ጃዝ ጊታር እየተማርኩ ነው።

ሳቅህን ስትጨርስ ቀጥል። አዎ፣ እኔና አንተ አዋጥተን በገዛናት ጊታር ስንቱን ዘፈን አበላሽተናል። አራት ኮርድ (አንድ ላይ የሚመቱ ድምፆች) ይዘን ራሳችንን ጊታሪስት ብለን ነበር። አሁን ግን በ44 ዓመቴ ከሀ ጀምሬያለሁ።

እሁድ እሁድ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ (በእኛ አቆጣጠር፤ እሱን አልቀየርኩም) ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አንድ ጡረታ የወጡ የሙዚቃ አስተማሪ ቤት እንሰበሰባለን። ቤዝመንታቸውን ለጀማሪዎች ከፍተውታል። ገንዘብ አይቀበሉም፤ ቡና ተራ በተራ ይዞ መምጣት ግን ግዴታ ነው። እሳቸውን ጨምሮ ስድስት ነን። ዕድሜዋን ሙሉ ፖስታ ስታድል የኖረች ሴትዮ አለች። አንድ ነርስ አለ። እናቱ መኪና ውስጥ ሆና የምትጠብቀው የ16 ዓመት ልጅ አለ። ጂፕሰም ቦርድ የሚገጥም የኤልሳልቫዶር ሰው አለ፤ ጥፍሩ ሥር ነጭ ዱቄት አይጠፋም። እኔ አለሁ። በኮርድ ብዛት ከሆነ ከተማሪዎቹ ማንም አይደርስብኝም። ችግሬም እሱው ሆኖ ተገኘ።

የመጀመሪያው ቀን ጉድ ነበር። ጊታሮቹን መቃኘት ብቻ ሩብ ሰዓት ፈጀ። ከዚያ ስድስታችንም አንድ ላይ መታን። ስድስት ጊታር፣ ሠላሳ ስድስት ክር። ምናለሽ ተራ ቆርቆሮ ሲቀጠቀጥ ትዝ ይልሃል? እሱ ይሻላል። ሽማግሌው እጃቸውን አንስተው አስቆሙንና ስለ ፍሬዲ ግሪን አወሩን። ይኸ ሰው እ.ኤ.አ. በ1937 የጃዝ መሪው ካውንት ቤዚ ባንድ ገባና በ1987 እስኪሞት ድረስ ሪትም ጊታር፣ ማለትም ማጀቢያ፣ ሲመታ ኖረ። ሶሎ የለ፣ ድምፅ ማጉያ አምፕ የለ። በአንድ ባር፣ ማለትም በአንድ የምት መቁጠሪያ ክፍል፣ አራት ምት፤ ጭ፣ ጭ፣ ጭ፣ ጭ። ሙሉ ኮርድ የያዘ ይመስላል እንጂ ብዙ ጊዜ ጠርቶ የሚሰማው አንድ ሁለት ኖታ ብቻ ነው። ለሌላው ቦታ ይለቅ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የተፈቀደልን ሦስት ክር ነው። ጊታሯን አንሳና ሞክረው። ሲ ሰቨን የሚባለው ኮርድ ነው። መሀል ጣትህን አምስተኛው ክር ሦስተኛ ፍሬት ላይ። ጠቋሚህን አራተኛው ክር ሁለተኛ ፍሬት ላይ። የቀለበት ጣትህን ሦስተኛው ክር ሦስተኛ ፍሬት ላይ። ሌሎቹ ክሮች ዝም ይበሉ። ስትመታው ጎዶሎ ይመስልሃል። ወፍራሙ ድምፅ፣ ቤዝ፣ ሲገባበት ግን ምንም አይጎድለውም።

ሥራም ተከፋፈልን። አንዱ በሦስት ክር ያጅባል። አንዱ በአውራ ጣቱ ቤዝ ይመታል። አንዱ ዜማ ይይዛል። የቀረነው ክሩን በመዳፋችን አፍነን ምቱን ብቻ እንቆጥራለን። የዘፈኑ አንድ ዙር 12 ባር ነው፤ እሱ አልቆ ዙሩ ሲገጥም ቦታ እንቀያየራለን። የአምፑ ቮልዩም ከሚያወራ ሰው ድምፅ ከበለጠ ሽማግሌው ምንም ሳይናገሩ ሄደው ይቀንሱታል።

የያዝነው የጃዝ አቀናባሪውን የዱክ ኤሊንግተንን «ሲ ጃም ብሉዝ» ነው። ዜማው በሁለት ኖታ ያልቃል፤ ጂ እና ሲ። ሌላ የለውም። «ይቺማ ለልጅ ናት» ብዬ ነበር፤ ሦስት እሁድ ፈጀችብኝ። ኖታው አይደለም የሚያስቸግረው፣ የሚገባበት ሰዓት ነው። በነገራችን ላይ ኤሊንግተን የዚሁ የዋሽንግተን ልጅ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1899 የተወለደ። ያደገው ዛሬ እኛ ክትፎ የምንበላበት ዩ ስትሪት አካባቢ ነው። ስንት ዓመት በዚያ ሳልፍ የማስበው ስለ ፓርኪንግ ብቻ ነበር።

ምት ቆጣሪውን ሜትሮኖም ሳልነግርህ ባልፍ ግፍ ነው። በደቂቃ በ100 ምት ለሚሄድ ሙዚቃ 50 ላይ ያደርጉታል። ቲክ የሚለው ሁለተኛውና አራተኛው ምት ላይ ነው ብላችሁ ስሙት ይሉናል። አንደኛውንና ሦስተኛውን ራስህ በሆድህ ትይዛለህ። እግሬ እምቢ አለ። ጭክጭካ የለመደ እግር ነው፤ ትንሽ ካዘናጋሁት የራሱን ሠርግ ይጀምራል። ፖስተኛዋ ጎኔ ተቀምጣ ጉልበቴን በመዳፏ እየያዘች ነው ያስለመደችኝ።

ደስ የሚለኝ መጨረሻ ላይ ያለው ነው። አንዱ አራት ባር ይጫወታል፣ ሌላው በአራት ባር ይመልስለታል። ሽማግሌው ይኸን ሲያስረዱ «ይኸማ እኛ አገር ተቀበል ነው!» አልኩ ሳላስበው። ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ፣ ሰው ግጥም እየሰጠው፣ እሱ እየተቀበለ ሲያዜም ነገርኳቸው። ካዛንቺስ ፈንድቃ አዝማሪ ቤት በር ላይ ቆመን፣ ለቢራ የሚሆን ሳይኖረን፣ ስንት ማታ እንደሰማን ነገርኳቸው። አሁን በቤዝመንቱ የሥራ ቋንቋ ሆኗል። ያ የኤልሳልቫዶር ሰው አራት ባሩን ሲጨርስ ጊታሩን ወደኔ አዙሮ «ተከበል!» ይለኛል። «ቀ» እንደማይወጣለት ተስማምተናል።

ደግሞ ሲጫወት ብታየው። አራት ባር ስትሰጠው ሦስቱን ዝም ይላል። ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ብቻ ይነቀንቃል። አራተኛው ባር ላይ አንዲት ኖታ ጣል ያደርጋል። ቁጭ! ሁላችንም በሳቅ እንፈርሳለን። እኔ ግን በአራት ባር ውስጥ የዓመቱን ወሬ ካላወራሁ ያፍነኛል። «አተነፋፈስህን አልሰማሁትም» ይሉኛል ሽማግሌው። መጀመሪያ በአፍህ አዚመው፣ ከዚያ በጣትህ አውጣው አሉኝ። በአፌ ሳዜመው ምን ቢወጣ ጥሩ ነው? ትዝታ። ቅልብጭ ያለ ትዝታ። ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ። ብሉዙ ላይ ቁጭ አለ። ፖስተኛዋ ካላሳየኸኝ አለችና አሳየኋት። ሽማግሌው ደግሞ ሙላቱ አስታጥቄን አንስተው ጥያቄ አዘነቡብኝ። እ.ኤ.አ. በ1966 ኒውዮርክ ስላስቀረጻቸው ሥራዎች ሲያወሩ አንገቴን አቀረቀርኩ። የሰው አገር ሰው ከእኔ በላይ ያውቀዋል።

ቤት ለብቻዬ በዩቲዩብ ስለማመድ ይኸ ሁሉ አልታየኝም ነበር። ለብቻህ ስትሳሳት ታቆማለህ፣ ትመለሳለህ፣ እንደገና ትጀምራለህ። መቁጠር እንደማትችል አታውቅም። እዚህ ባሩ አይጠብቅህም።

ባለፈው እሁድ የማጅበው እኔ ነበርኩ። የመጀመሪያዎቹ አራት ባሮች ሲ ናቸው። አምስተኛው ላይ ወደ ኤፍ ትሄዳለህ። ሰባተኛው ላይ ወደ ሲ ትመለሳለህ። እኔ ኤፍ ላይ ተኝቼ ቀረሁ። ስነቃ ሁሉም ሄዷል። ስምንተኛው ባር ይሁን ዘጠነኛው አላውቅም። እጄን ከጊታሩ አንስቼ «ይቅርታ» አልኩ። ማንም አላቆመም። ሽማግሌው ቤዛቸውን እየመቱ «ይቅርታ ስትል ሁለት ምት ያልፋል» አሉኝ። «የሚቀጥለውን አንደኛ ምት ስማና ግባ።» ጆሮዬን አቆምኩ። ልጁ ጂዋን መታት። ዙሩ ገጠመ። ገባሁ።

ማታ ወደ ቤት ስነዳ አንተን ሳስብ ነበር። ለዚህ ነው ዛሬ የጻፍኩልህ።

ካዛንቺስ ሲፈርስ በስልክ አየሁ። ቤታችሁ የነበረበትን ለመለየት ቪዲዮውን ሦስት ጊዜ መለስኩት። የጽዷ ዛፍ ባትኖር አላውቀውም ነበር። የት ገባችሁ? ኮንዶሚኒየም ነው የሚል ሰማሁ። ስንተኛ ፎቅ? ጎረቤት ጊታር ይችላል?

ካልቻለ መላ አለው። ዌስ ሞንትጎመሪ የሚባል ጊታሪስት ነበር፣ የኢንዲያናፖሊስ ሰው። ቀን ፋብሪካ ይሠራል፣ ሌሊት ይለማመዳል። ድምፁ ጎረቤት እንዳይረብሽ መምቻውን ፒክ ትቶ በአውራ ጣቱ መምታት ጀመረ። በዚያው ቀረ፤ ያ ለስላሳ ድምፁ ከዚያ የመጣ ነው። ይኸን ስሰማ እናትህ ትዝ አሉኝ። «ያንን ነገር ዝም ታሰኙታላችሁ ወይስ ልነሳ?» ሲሉን ጋቢ ደርበንበት በአውራ ጣት እንመታ አልነበር? ጠዋት ቂጣ ሲያቀርቡልን «ማታ የመጨረሻዋ ጥሩ ነበረች» ያሉን ቀን አለ። ሳይተኙ ሲሰሙ ነበር።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ቅጂ በቴሌግራም ልኬልሃለሁ። 12 ባር ናት። የመጀመሪያዎቹን አራት እኔ እጫወታለሁ። መሀል ያሉት አራቱ ባዶ ናቸው፤ እግሬ ሲቆጥር ብቻ ትሰማለህ። እነሱ ያንተ ናቸው። የመጨረሻዎቹን አራት እንደገና እኔ እይዛለሁ። ቴምፖው 100 ነው። አምስተኛው ባር ላይ ኤፍ መሆኑን እንዳትረሳ። ሦስቱን ባር ዝም ብለህ አንዲት ኖታ ብትጥልልኝም ይበቃኛል።

ጊታሯ ካንተ ጋር እንዳለች አውቃለሁ። ክሯን ግን ቀይር። ስሄድ የነበረው ክር እንደሆነ እምላለሁ፣ ዝጎ ጣትህን ይቆርጥሃል።

ናፋቂህ