የቋንቋ መምህርን በቅላጼው አትመዝኑት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ተማሪን ስለሚያነቃቃ የቋንቋ መምህር ባለፈው እትማችሁ ያወጣችሁትን ዘገባ አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። የአማርኛ መምህር ከሁሉ አስቀድሞ የሌላ ቋንቋ ቅላጼ ያልነካው አነጋገር ሊኖረው ይገባል ብላችሁ ጽፋችኋል። ይህን መስፈርት ማን አወጣው? ሐሳባቸውን የሰጧችሁ መምህራን በሙሉ የአዲስ አበባ ናቸው፤ የምሥራቁን መምህር የጠየቀው የለም።

እኔ ቤቴ ኦሮምኛ እየሰማሁ አድጌ ድሬዳዋ ላይ አማርኛ የማስተምር ነኝ። ከተማችን ውስጥ አንደኛ ደረጃ ትምህርት በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ስለሚሰጥ፣ በላቲን ፊደል ማንበብ የጀመረ ልጅ አናባቢው ከተናባቢው ጋር ተዋሕዶ ከሚጻፍበት የእኛ ፊደል ጋር አዲስ ትግል ይገጥመዋል። አፉን በሶማልኛ የፈታ ተማሪ «ጠረጴዛ»ን «ተረቤዛ» ብሎ ቢጽፍ ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ በቋንቋው «ጠ»ም «ጰ»ም ስለሌሉ ነው። ይህን የምታውቅ መምህርት ቀይ መስመር አስምራ አታልፈውም። መዳፉን አፉ ፊት አስይዛ፣ «ተ» ሲል ትንፋሹ መዳፉን እንደሚነካው፣ «ጠ» ሲል ግን ጉሮሮው ላይ እንደሚታገድ ራሱ እንዲያስተውል ታደርገዋለች። ልጁ ልዩነቱን በገዛ እጁ ሲያገኘው ፊቱ ላይ የሚነበበውን ደስታ ዘጋቢያችሁ አንድ ቀን መጥቶ ቢያይ ኖሮ፣ ስለ ቅላጼ ያን ያህል አምድ ባልፈጀ ነበር።

ቁጣዬ ከአንድ ዘገባ ብቻ የመጣ አይደለም። በአንድ የመምህራን ሥልጠና ላይ ስለ ድርሰት አስተራረም እያስረዳሁ ሳለ አሠልጣኙ አቋርጦኝ በጉባኤው ፊት አነጋገሬን አረመ፤ ስላቀረብኩት ሐሳብ ግን እሱም ሆነ ሌላው አንድም ጥያቄ አላነሳም። ያ ውርደት እስከ ዛሬ ያመኛል። ተማሪዎቻችንስ ተመሳሳይ ነገር ሲደርስባቸው እጃቸውን አውጥተው መናገር ቢያቆሙ ይፈረድባቸዋል?

ጥርት ያለ ንባብ አያስፈልግም አላልኩም፤ ያስፈልጋል። ነገር ግን አማርኛን ራሱ ለፍቶ የተማረ መምህር ተማሪው የት ላይ እንደሚሰናከል አስቀድሞ ያውቃል፤ ልጁም በቤቱ ሌላ ቋንቋ የሚናገር ሰው አማርኛን አሳምሮ ሊያስተምር እንደሚችል በዓይኑ ያያል። ዘገባችሁ ጉድለት ብሎ የጠራው ይህንኑ ነው።

ስለዚህ መስፈርቱ በቀጣዩ እትም እንዲታረም፣ ወደፊትም ስለ ቋንቋ መምህራን ስትጽፉ እንደ ሳቢያንና መጋላ ባሉ የድሬዳዋ ሰፈሮች የሚኖሩ ተማሪዎች እንዲጠየቁ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የአማርኛ መምህርት፣ ከድሬዳዋ