የፈረሰኛውና የአህያዋ ሕግ

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኔና እናትሽ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ባለፈው እሁድ ስትደውዪ፣ ፈተናሽ እየቀረበ በመሆኑ ከውል ውጭ የሚመጣ ኃላፊነትን፣ ማለትም ውል ሳይኖር ሌላውን የጎዳ ሰው የሚጠየቅበትን ሕግ፣ እያጠናሽ እንደሆነ ነግረሽኝ ነበር። «ቨርጂንያ ውስጥ ተበዳዩ ራሱ ለአደጋው ጥቂት እንኳ ጥፋት ካዋጣ አንዲት ሳንቲም አይካስም» ያልሽኝ ነገር ግን ሌሊቱን እንቅልፍ ነሳኝ።

በፈረንጆቹ 2009 ቨርጂንያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ታክሲዬን የመታው ሰው ቀይ መብራት ጥሶ እንደ ነበር ታስታውሻለሽ። የሰውዬው ኢንሹራንስ ሠራተኛ ደውላ፣ ድምፄ እየተቀዳ፣ ነገሩን አስረዳ ስትለኝ «እኔም ትንሽ ፈጠን ብዬ ነበር» አልኳት። እኛ አገር ሽማግሌ ፊት የቀረበ ሰው ጥፋቱን ሳይደብቅ ሲናገር ይከበርለታል፤ ጉዳቱም እንደየጥፋቱ ይከፋፈላል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን እንኳ ተበዳዩ ጥፋት ሲኖርበት ካሳውን ይቀንስበታል እንጂ ጨርሶ አይነሳውም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን «ጥያቄዎን አልተቀበልነውም» የሚል ባለ አንድ ገጽ ደብዳቤ ደረሰኝ። ይህን ሁሉ ዓመት ያታለሉኝ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ሕጉ ነው።

ከዚያ ወዲህ እኔም ነገሩን ሳገላብጥ ሰነበትኩ። ሥሩ የ1809 የእንግሊዝ ፍርድ ነው፦ ደርቢ በምትባል ከተማ አንድ ሰው ከመጠጥ ቤት ወጥቶ አመሻሹ ላይ ፈረሱን ሲያስጋልብ፣ ሌላው ቤቱን ሲያድስ መንገድ ላይ ካጋደመው አጣና ጋር ተጋጭቶ ወደቀ፤ ተጠንቅቆ ቢጋልብ ያየው ነበር ተብሎም ባዶ እጁን ተመለሰ። እኔ ታክሲ ነጂው የተዳኘሁት በዚህ ፈረሰኛ ሕግ መሆኑ ነው! አብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች ይህን ትተው ጥፋትን በመቶኛ ሲያካፍሉ፣ ቨርጂንያ፣ ሜሪላንድ፣ ሰሜን ካሮላይናና አላባማ አልለቀቁትም፤ የሜሪላንድ ከፍተኛው ፍርድ ቤትም በ2013 ለውጥ ካስፈለገ ሕግ አውጪው ይለውጠው ብሎ አልፎታል። ዋሽንግተን ዲሲ በ2016 ባወጣው ሕግ ለእግረኛና ለብስክሌት ነጂ አላልቶታል፤ ታክሲ ነጂን ማን አስቦ።

ከሁሉ የወደድኩት ግን የአህያዋን ነገር ነው። በ1842 በተፈረደው ጉዳይ፣ ባለቤቷ የፊት እግሮቿን አስሮ መንገድ ላይ ለቋት ሳለ፣ በሦስት ፈረሶች የሚጎተት ጋሪ ቁልቁለቱን እየተምዘገዘገ መጥቶ ገደላት። ባለቤቷ ጥፋት ቢኖርበትም፣ ባለ ጋሪው መጠንቀቅና አደጋውን ማስቀረት ይችል ስለ ነበር ካሳ እንዲከፍል ተደረገ። የመጨረሻው ዕድል የማን ነበር የሚለው ይህ ደንብ ቨርጂንያም ውስጥ እንደሚሠራ አንብቤያለሁ፤ ነገር ግን እንደ እኔ በግድየለሽነቱ ሳያስተውል ቀረ እንጂ መሸሽ ይችል የነበረ ሰው፣ የመታው ሹፌር በእርግጥ እንዳየው ማስረዳት አለበት ይላል።

ታዲያ ልጄ፣ ያ ሰው ከመምታቱ በፊት ረዘም አድርጎ ክላክስ አድርጓል። ፍሬን ግን አልያዘም፤ አስፋልቱ ላይ የጎማ ምልክት አልነበረም። የክስ ጊዜው ካለፈ ዓመታት እንደሆነው አውቃለሁ። ለታንክስጊቪንግ ስትመጪ ደብዳቤውን ከመሳቢያው አወጣልሻለሁና፣ ክላክስ ማድረጉ «አይቼዋለሁ» እንደማለት ይቆጠር እንደሆነ አንቺ ፍረጂልኝ።

አባትሽ