ከ«ይማርህ» ወደ «እጅህ ይባረክ»፦ ለሥራ ቤታችን የድጋፍ ጥሪ

ወገኖቼ፣ የባህር ዳር ልጆች፣ ቅርብም ሩቅም ያላችሁ፣

ከመውደቄ በፊት የልስን ባለሙያ ነበርኩ። በዚህች ከተማ ስንቱን ግድግዳ አለስልሻለሁ። አንድ ቀን ጠዋት የቆምኩበት የባህር ዛፍ መወጣጫ ከዳኝ፣ ከሁለተኛ ፎቅ ወደቅኩ። አከርካሪዬ ተሰበረ፣ ውስጡ ያለው ህብለ ሰረሰርም ተጎዳ። ከዚያ ወዲህ ከእምብርቴ በታች አልንቀሳቀስም፣ ሲነኩኝም አይሰማኝም። (መቼም ይህን ሳልናገር አላልፍም። ሰው ከከፍታ ወድቆ ወይም መኪና ገጭቶት ብታገኙ፣ እጅና እግሩን ይዛችሁ ባጃጅ ውስጥ አጥፋችሁ አትክተቱት። አንገቱና ወገቡ ሳይነቃነቅ ይቆይ፣ አምቡላንስ ጥሩለት። የግድ ማንሳት ካለባችሁ ብዙ ሆናችሁ፣ ቀጥ እንዳለ፣ በሳንቃ ላይ ይሁን።)

ሦስት ዓመት እቤት ዋልኩ። ጎረቤቶቼ አልተለዩኝም፣ ውለታቸውን አልረሳም። ቡና ይፈላል፣ ይጠይቁኛል፣ ሲወጡ «እግዜር ይማርህ» ይሉኛል። ደግ ቃል ነው። ግን ሦስት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ስትባሉት አስቡት። ሌላውን ሰው «እንዴት ዋልክ?» ይሉታል፣ ውሎ አለውና። እኔ የምነግራቸው ውሎ አልነበረኝም። የእድር መዋጮዬን እንኳን የምትከፍልልኝ እናቴ ነበረች፣ እሷም እንጀራ ጋግራ ሸጣ።

አንድ ቀን የጎረቤት ልጅ ጎማው የተነፈሰ ብስክሌት እየጎተተ ሲያልፍ ጠራሁት። ከመነዳሪውን አወጣሁ፣ ውሃ ውስጥ ነክሬ ቀዳዳውን ፈለግኩ፣ ለጠፍኩለት። ማታ አባቱ መጣና 30 ብር በእጄ ላይ አስቀምጦ «እጅህ ይባረክ» አለኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከወደቅኩ ወዲህ ስለ እግሬ ሳይሆን ስለ እጄ የተናገረ የመጀመሪያው ሰው ነበር።

ዛሬ እንደኔ ዓይነት ጉዳት ያለን ዘጠኝ ሰዎች ተሰባስበናል። አንዱ የባጃጅ ሹፌር ነበር። አንዱ የዘጌ ልጅ ነው፣ ማንጎ ሊያወርድ ዛፍ ላይ ወጥቶ ወደቀ። አንዲት እህታችን የሀበሻ ቀሚስ ጥልፍ ላይ እጇ ወርቅ ነው፣ ግን የለመደችው የስፌት መኪና በእግር የሚረገጥ ሆነባትና ተወችው። በእጅ ወይም በክርን የሚታዘዝ ሞተር ያለው መኪና ብታገኝ ነገ ትጀምራለች። አንገቱ ላይ የተጎዳው ወንድማችን ጣቶቹ አይታዘዙለትም። መዳፉ ላይ በታሰረ ቀጭን ዘንግ ስልኩን እየነካ ሂሳባችንን የሚይዘው ግን እሱ ነው፣ አንድ ብር አትጠፋበትም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ ከ15 ሚሊዮን በላይ ሰው ከዚህ ጉዳት ጋር ይኖራል፣ ዋና መንስኤዎቹም መውደቅ፣ የመንገድ አደጋና ጥቃት ናቸው። የዘጠኛችንም ታሪክ ከነዚህ አይወጣም።

«ለምን አትቀጠሩም?» የሚል ሰው አለ። ተገቢ ጥያቄ ነው። አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪ ለሥራው ብቁ የሆነን ሰው በአካል ጉዳቱ ምክንያት እንዳያገል፣ የሥራ ቦታውንም እንዲያመቻችለት ያዛል። እኔም አንድ ቦታ ስልክ ለማንሳት ተቀጥሬ ነበር። ቢሮው ሁለተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም። ጓደኞቼ አራት ቀን ተሸክመው አወጡኝ፣ በአምስተኛው ቀን ራሴ ቀረሁ። ሸክሙ ከብዶኝ ነው፣ ከሁሉ በላይ ግን የመጸዳጃ ቤቱ በር ዊልቸሬን አያስገባም ነበር። ይህን በአደባባይ ማውራት ይከብዳል፣ ካልተነገረ ግን አይገባችሁም። ብዙዎቻችን ሽንታችን ሲመጣ አይሰማንም፣ በየአራት እስከ ስድስት ሰዓቱ በቱቦ እናወጣዋለን። ንጹህ ቦታና ውሃ ከሌለ ኢንፌክሽኑ እስከ ኩላሊት ይደርሳል። መቀመጫችንንም በየ15 እስከ 30 ደቂቃው በእጃችን ተደግፈን ከፍ ካላደረግን፣ ሳይሰማን ይቆስላል፣ አንድ ቁስል ሰውን ለወራት አልጋ ላይ ያስተኛል። ጉዳቱ ወደ አንገት የተጠጋባቸው ደግሞ ሰውነታቸው በደንብ አያልባቸውምና የሚያዝያ ሙቀት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ያዞራቸዋል። ስለዚህ ጥላ፣ ጥሩ ትራስና የሚያስገባ በር የምንለው ለቅንጦት አይደለም።

በግንቦት 2016 የተመረቀውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ ታውቁታላችሁ። 380 ሜትር ነው። አንድ ቀን ማለዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ በራሴ ክንድ ገፍቼ ተሻገርኩት፣ ማንም አልነካኝም። ሲመሽ ደግሞ እሰፈራችን ያለች ሱቅ ሦስት ደረጃ አስቁሞኝ ሳሙና ለመግዛት ሰው ጠራሁ።

አሁን ከሀይቁ ብዙ ያልራቀ አንድ ምድር ቤት አግኝተናል። ብስክሌትና ዊልቸር እንጠግንበታለን፣ ልብስና ጥልፍ እንሰፋበታለን። ባህር ዳር ብስክሌት አታጣም፣ ሥራው ደግሞ ቁጭ ተብሎ በእጅ የሚሠራ ነው። የዊልቸር ኩሽኔታና የፊት ጎማ ኮብልስቶን ላይ ቶሎ ይበላል፣ አንዱ ሲሰበርበት ወር ሙሉ እቤት ይቀራል። ያንን እኛ በአንድ ቀን እንሠራለታለን።

የቤቱ ደጃፍ 45 ሴንቲሜትር ከፍ ይላል። ለዊልቸር የሚመች መወጣጫ ለእያንዳንዱ አንድ ሴንቲሜትር ከፍታ 12 ሴንቲሜትር ርዝመት ይፈልጋል፣ ስለዚህ የእኛ 5 ሜትር ከ40 ይሆናል። ከነመጸዳጃ ቤቱ ማስተካከያ 85 ሺህ ብር ተገምቷል። ሞተር ያላቸው ሁለት የስፌት መኪናዎች 60 ሺህ፣ የጥገና ዕቃና መለዋወጫ 45 ሺህ፣ የስድስት ወር ኪራይ ደግሞ 60 ሺህ ነው። በድምሩ 250 ሺህ። 64 ሺውን እኛና ጎረቤቶቻችን አዋጥተናል፣ 186 ሺህ ይቀረናል። ከስድስት ወር በኋላ ኪራዩን ከሥራችን እንከፍላለን፣ ያን ጊዜ ተመልሰን አንጠይቃችሁም።

ሂሳቡ በሦስት ሰው ፊርማ ነው የሚንቀሳቀስ። መልእክት ላኩልኝ፣ ቁጥሩን እሰጣችኋለሁ፣ የወጣውን ሁሉ ከነደረሰኙ በየወሩ እዚሁ እለጥፋለሁ። 50 ብርም ትገባለች። ገንዘብ የሌላችሁ ጉልበት ስጡን፣ ግንበኛ፣ አናጺና በያጅ እንፈልጋለን። ልስኑን እኔው አሳያችኋለሁ። የማትነዱት ብስክሌት ቢኖራችሁ ለመለዋወጫ ይሆነናል። ውጭ ያላችሁ ስትመጡ ሻንጣችሁ ጥግ ላይ አንድ የዊልቸር ትራስ ጨምሩልን፣ እዚህ ፈልገን የምናጣው እሱን ነው።

አከራዩ ቤቱን እስከ ወሩ መጨረሻ ይዞልናል። እስከዚያው ጎማው የተነፈሰባችሁ ካላችሁ እቤት አምጡት፣ ደጃፌ ላይ እሠራለሁ።