ለመስቀል የሚነቀለው አደይ አበባ ዘር ይቅርለት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፦

ለሥራ ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር የተዛወርኩት በዚህ ዓመት መስከረም ነው። ከደንበጫ እስከ ዳንግላ ያለው መንገድ ግራና ቀኙ በአደይ አበባ ቢጫ ለብሶ ነበር። በዚህች ከተማ ደመራን ሳከብር የመጀመሪያዬ ስለሆነ ያየሁትን ለአንባቢያን ላካፍል፤ የሚያሳስበኝም ነገር አለ።

የሕዝቡ ብዛት እጅግ ያስደንቃል። ዘንባባ በተተከለባቸው ጎዳናዎች ሰዉ ነጭ ለብሶ ወደ አደባባዩ ይተማል፤ ሕፃናት በአባቶቻቸው ትከሻ ላይ ሆነው አበባቸውን ያውለበልባሉ፤ የማይተዋወቅ ሰው «እንኳን አደረሳችሁ» ይባባላል። መስቀል በ2006 ዓ.ም. በዩኔስኮ የሰው ልጅ የማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ ተገቢው ክብር እንደተሰጠው በዚያ ሕዝብ መካከል ቆሞ ያየ ሁሉ ይመሰክራል። ለከተማው እንግዳ ብሆንም አንድም ሰዓት ባይተዋርነት አልተሰማኝም።

ያሳዘነኝ አበባው ነው። በየመንገዱ ዳር የሚሸጠው እቅፍ አብዛኛው ከነሥሩ የተነቀለ ነው፤ ጥቁር አፈሩ ገና አልረገፈለትም። አንዱን ልጅ «ማሙሽ፣ በማጭድ ብታጭደው አይሻልም?» አልኩት። «ጋሼ፣ መሬቱ ርጥብ ስለሆነ ሳብ ሲያደርጉት ይመጣል፤ ማጭድም የለኝም» አለኝ። በልጁ ላይ የምፈርድ አይደለሁም፤ ለደብተር መግዣው ነው የሚሸጠው። ማታ ግን ሰዉ ሲበተን አደባባዩና መንገዱ በተረገጠ አደይ ተሸፍኖ ቀረ።

አደይ በየዓመቱ ከዘሩ የሚበቅል ተክል እንጂ ሥሩ ከርሞ የሚያቆጠቁጥ አይደለም። ዘሩ ሳይበስል በመስከረም አጋማሽ ከተነቀለ ለከርሞ በዚያ ቦታ የሚበቅለው ይመናመናል። ሌላም ጫና አለበት። ገበሬው ለጤፉና ለስንዴው የሚረጨው ቱ ፎር ዲ የተባለ የአረም ማጥፊያ ቅጠለ ሰፊውን ሁሉ ስለሚያጠፋ አደይ ከማሳ ውስጥ ተባሮ ድንበርና ቦይ ላይ ቀርቷል፤ እኛ ደግሞ የምንነቅለው ከዚያው ከድንበሩ ነው። ንብ ያለው የጎጃም ገበሬ ጉዳቱን ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ በጥቅምትና በኅዳር የሚቆረጠው ማር ቀፎ የሚሞላው በአደይ ነውና። አበባው ሲሳሳ ማሩም ይሳሳል።

አበባ አትቁረጡ ማለቴ አይደለም፤ ያለ አደይ መስቀል የለም። ግንዱን ከመሬት ከፍ አድርጎ መቁረጥ ይቻላል፤ በየቦታውም ጥቂት እግር ለዘር ይተው። የሰንበት ትምህርት ቤቶችና መምህራን ከበዓሉ ቀደም ብለው ይህን ለልጆች ቢነግሯቸው ይሰማሉ፤ ሸማቹም ከነሥሩ የተነቀለውን ትቶ የታጨደውን ቢመርጥ ሻጩ ወዲያው ይለምዳል።

ለከተማው አስተዳደርም ጥያቄ አለኝ። በአስፋልቱ አካፋይና በአደባባዩ ዙሪያ ባዶውን የከረመ መሬት አለ። አደይ ችግኝ ጣቢያ አይፈልግም፤ ዘሩ በኅዳር ደርቆ ሲደርስ ተለቅሞ ክረምት ሊገባ ሲል ቢበተን ዝናቡ ያበቅለዋል። እኔና ጎረቤቶቼ ዘሩን ለመልቀም ፈቃደኞች ነን፤ የምንዘራበት ቦታ ይመደብልን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የባሕር ዳር አዲስ ነዋሪ