ደብዳቤ ለልጄ፦ ከስክሪኑ በፊት መጫኛውን ለካ

ለውድ ልጄ፣

እንደምን አለህልኝ? ባለቤትህስ? ትንሿስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባትህን ጉልበቱን ትንሽ ያመዋል እንጂ ሱቅ ከመዋል አልቀረም። አዳማ ሙቀቱ በርትቷል። ንፋሱም እንደልማዱ ነው።

ከዴንቨር፣ ከአሜሪካ፣ በቴሌግራም የላክልኝን ልትገዛው ያሰብከውን የፒክአፕ መኪና ዝርዝር ከእህትህ ጋር ቁጭ ብለን አየነው። እሷ እያነበበች እኔ እየጠየቅኩ አመሸን። «እማ፣ አንቺ ምረጪልኝ» ብለሃል። ቀልድህን ይሁን የምርህን እንጃ። እኔ ግን የምሬን ይዤዋለሁ። መንጃ ፈቃድ እንደሌለኝ ታውቃለህ። ግን ፒክአፕ የሚጫነው በኔ ሱቅ በር ላይ ነው። ጂፕሰም ቦርድ ሲሰበር፣ ፌሮ ሲወድቅ፣ ሾፌርና ጫኝ ሲጣሉ የምዳኘው እኔ ነኝ። ስለዚህ መሪውን ለናንተ ትቼ ስለኋላው፣ ስለ ዕቃ መጫኛው ላውራ።

የጻፍከውን ሳየው ስለ ወንበሩ፣ ስለ ስክሪኑና ስለ ቀለሙ ብዙ ብለሃል። ስለ መጫኛው ርዝመት ግን አንዲት መስመር ናት፣ እሷም መጨረሻ ላይ። ገልብጠው። ስክሪን ከፈለግክ በኋላ ትገዛለህ። ወንበር ታለብሳለህ። መጫኛው ግን ከፋብሪካ እንደወጣ ነው የሚኖረው። እዚህ አገር ብየዳ ቤት ወስደው የሚያስረዝሙ አሉ። አንተ ጋ ደግሞ አዲስ መኪና እንዲህ ማድረግ ዋስትናውን ሊያሳጣህ ይችላል።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ያሰብከው ቶዮታ ታኮማ ደብል ጋቢናው በሁለት ርዝመት ይመጣል፣ 5 ጫማና 6 ጫማ። በኛ ሜትር ሲለካ አጭሩ 153 ሴንቲ ገደማ ነው፣ ረጅሙ 186 ገደማ። ልዩነቱ 33 ሴንቲ ብቻ ነው። ክንድ አይሞላም ትለኝ ይሆናል። ግን አንተ የምትሠራው ፊኒሺንግ ነው። ዋናው ዕቃህ ጂፕሰም ቦርድና ኮምፔንሳቶ ነው። እዚያ አገር መደበኛው ልክ 4 በ8 ጫማ ነው፣ 122 በ244 ሴንቲ ማለት ነው። እኛም ጋ የሚመጣው አብዛኛው ለዚሁ ልክ የቀረበ ነው። እንግዲህ አስላው።

አጭሩ ላይ ቦርዱን ስትጭን 91 ሴንቲው ከመጫኛው ውጭ ነው። የኋላውን ስፖንዳ ከፍተህ ብታጋድመው 50 ሴንቲ ገደማ ይደግፍልሃል። የቀረው 40 ሴንቲ አየር ላይ ነው። ረጅሙ ላይ ስፖንዳው ተከፍቶ አየር ላይ የሚቀረው 8 ሴንቲ ገደማ ነው። 33 ሴንቲ ማለት ይኸው ነው።

አየር ላይ የቀረ ቦርድ ምን እንደሚሆን በዓይኔ ነው የማየው። እዚህ የሚበዛው ሃይሉክስ ደብል ጋቢና ነው፣ መጫኛው አንድ ሜትር ተኩል ገደማ። ልጆቹ ቦርዱን ሁለት ሁለት እየያዙ ይደረድራሉ። እስከ አሥረኛው ድረስ ሁሉም ሰላም ነው። ከዚያ በኋላ ጫፉ ቀስ ብሎ ይንጠለጠላል። ወረቀቱ ከታች በኩል ይጨማደዳል። ሾፌሩ «በቃ ይሄዳል» ይላል፣ ቀይ ጨርቅ ያስራል፣ ይወጣል። የመጀመሪያው ፍጥነት መቀነሻ ላይ ጧ! የታችኞቹ ሁለቱ ከጥጋቸው ይቆረሳሉ። ደንበኛው ይመልሳቸዋል፣ ሾፌሩ «ሲጫን ነው የተሰበረው» ይላል፣ እኔ መሐል እገባለሁ። ንፋስ ካለ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። አዳማ የንፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለባት ከተማ መሆኗን አትርሳ። ከኋላ የተረፈ ቦርድ ንፋስ ከሥር ከገባበት ገመዱን ይዞ ይነሳል። አንተ በዚያ በሀይዌይ ፍጥነት ስትሄድ ንፋሱን የሚፈጥረው መኪናው ራሱ ነው።

ወርዱንም እንዳትረሳ። ሰው ርዝመት ብቻ ይለካና ይቀራል። ታኮማ ላይ በሁለቱ የጎማ ሽፋኖች መሐል ያለው ስፋት 112 ሴንቲ ገደማ ነው። ቦርዱ 122 ነው። ስለዚህ ወለሉ ላይ ልጥፍ ብሎ አይተኛም፣ ከጎማ ሽፋኑ በላይ ነው የሚሆነው። ጣውላ አግድመህ ከሽፋኑ እኩል የሆነ መደብ ሥራለት። ከሥር የቀረውን ቦታ ለመሣሪያና ለማስቲሽ ባልዲ ትጠቀምበታለህ። እንዲያውም ይሄ ከጠፍጣፋው ይሻላል ባይ ነኝ። ቦርዱ ከላይ፣ ዕቃው ከሥር።

ሆንዳ ሪጅላይንንም አይቻለሁ ብለሃል። እውነቱን ለመናገር ወርዱ ላይ እሱ ይበልጣል። በጎማዎቹ መሐል 127 ሴንቲ ስላለው ቦርዱ ወለሉ ላይ ይተኛል። ከወለሉ ሥር የሚቆለፍ ሣጥንም አለው፣ ይሄን ወድጄዋለሁ። ርዝመቱ ግን 162 ሴንቲ ገደማ ብቻ ነው፣ ሌላ ምርጫም የለውም። የሚጎትተውም እስከ 5,000 ፓውንድ ነው፣ ታኮማ እንደ ደረጃው እስከ 6,500 ይደርሳል። ፎርድ ሬንጀርና ሸቭሮሌ ኮሎራዶ አዲሶቹ አሜሪካ ውስጥ በአጭሩ መጫኛ ብቻ ነው የሚሸጡት። በዚህ በመካከለኛው መጠን ደብል ጋቢና ሆኖ ረጅም መጫኛ የምታገኘው ታኮማና ኒሳን ፍሮንቲየር ላይ ነው። ፍሮንቲየርን ሳታይ አትወስን። ሰው ሁሉ ቶዮታ ቶዮታ ስላለ ብቻ አይሆንም። ምንም እንኳ እኔም የቶዮታ ሰው ብሆን።

ነጠላ ጋቢና መሰሉን ውሰድ ብሎህ የነበረው ጓደኛህ ልጅ የለውም መሰለኝ። ኤክስትራካብ የሚሉት የ2024 ሞዴል ባለሁለት በር ነው። ከኋላ ወንበር የለውም፣ ዕቃ ማስቀመጫ ነው ያለው። ትንሿን የት ልታስቀምጣት ነው? ይሄን ዝጋው።

አንድ ነገር ግን እንዳይምታታብህ። መጫኛው ረዘመ ማለት የሚሸከመው ኪሎ ጨመረ ማለት አይደለም። እንዲያውም መኪናው ራሱ ስለሚከብድ ጥቂት ሊቀንስ ይችላል። ለታኮማ የተጻፈው ከፍተኛው 1,705 ፓውንድ ነው፣ 770 ኪሎ ገደማ። ያ ግን ለአንዱ ዓይነት ነው። ያንተን ትክክለኛውን በሹፌሩ በኩል በሩን ስትከፍት ፍሬሙ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ይነግርሃል። ሻጩ ካወራው ይልቅ እሱን እመን። ቁጥሩ ውስጥ ደግሞ አንተም አለህበት። ግማሽ ኢንች ውፍረት ያለው አንድ ቦርድ 25 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ሃያ ቦርድ 500 ኪሎ ሆነ። አንተና ረዳትህ 150 ብትሆኑ 650። ማስቲሹና መሣሪያው ሲጨመር ሞልቷል። የምትጨምረው ኦፕሽን ሁሉ፣ ፖርቶመጋላው፣ የብረት መከላከያው፣ የመጫኛው ክዳን፣ ከዚሁ ኪሎ ላይ ነው የሚቀነሰው። ጀማሪ ሾፌሮች ይሄን አያስቡም። መኪናውን በብረት ያስጌጡና ባሌስትራው ተኛ ብለው ያማርራሉ።

ሴራሚክ ስትጭን ከጋቢናው አስጠግተህ፣ ዝቅ አድርገህ። ከኋላ ጎማ አልፎ የተጫነ ከባድ ዕቃ የፊቱን ያነሳዋል፣ መሪው ይቀልላል፣ መኪናው መታዘዝ ይተዋል። የረጅሙ ጥሩ ነገሩ ይሄ ነው። የተጨመረው 33 ሴንቲ ከኋላ ጎማ ወዲያ ተንጠልጥሎ አልቀረም። የጎማዎቹን ርቀትም በዚያው ልክ አርዝመውታል፣ ከ335 ወደ 368 ሴንቲ ገደማ። ጭነቱ በሁለቱ ጎማዎች መሐል ይውላል። ጉዞውም ይረጋጋል ይላሉ ሾፌሮቹ።

ክፉ ጎኑም እሱው ነው። ለመታጠፍ ሰፊ ቦታ ይፈልጋል። ጠባብ ፓርኪንግ ውስጥ አንዴ የሚበቃህን ሁለቴ ወደፊት ወደኋላ ትላለህ። ጠቅላላ ርዝመቱ ከአምስት ሜትር ከ70 ያልፋል። ያ ያሳየኸኝ ጋራዥ ይበቃዋል? በቪዲዮ ስታዞርልኝ ከጥግ የልብስ ማጠቢያ ማሽን አይቻለሁ። ከግድግዳ እስከ በር ሳይሆን ከማሽኑ እስከ በር ለካ። በሩ ሲወርድም የሚወስደው ቦታ አለ። ካልገባ ውጭ ያድራል፣ ውጭ ካደረ በረዶ አለ። ይሄ ብቻ ነው ከረጅሙ ሊያስቀረኝ የሚችለው። ካልገባና ውጭ ማሳደር ካልፈለግክ አጭሩን ግዛና ትንሽ ተሳቢ ጨምርበት። ቦርድ የምትጭነው በሳምንት አንዴ ከሆነ እንዲያውም ይሄ ሳያዋጣህ አይቀርም። በየቀኑ ከሆነ ግን ተሳቢ ማሰርና መፍታት ይሰለቻል።

ኦፕሽኑን በተመለከተ በኋላ ሊገባ የማይችለውን አሁን አስገባ፣ ሌላው ይቆይ። ፎር ዊል ድራይቭ አሁን ነው የሚገዛው። ዴንቨር በረዶ ነው፣ ባዶ ፒክአፕ ደግሞ ከኋላው ቀላል ነው። ክረምት ላይ በአርሲ ጭቃ ባዶ ሃይሉክስ እንዴት ቂጡን እንደሚጥል አጎትህን ጠይቀው። በረዶ ሲጥል ሁለት ሦስት ከረጢት አሸዋ ከኋላ ጎማው በላይ አድርግና እንዳይንሸራተት እሰረው። ፎር ዊሉን ደረቅ አስፋልት ላይ አታስገባ። የፊትና የኋላው ዘንግ አንድ ላይ ስለሚቆለፍ ስትታጠፍ ይታገላል፣ ውስጡን ይበላዋል።

ተሳቢ መጎተቻውን ከነሽቦው ከፋብሪካ ውሰድ። የጎን መኪና የሚያሳውቀውንም ውሰድ፣ ለረጅም መኪና ያስፈልጋል። የኋላ ካሜራ እዚያ አገር በሕግ ከሁሉም ጋር ስለሚመጣ ሌላ ሒሳብ ካስገቡብህ ጠይቅ። የጣራ መስኮት? ለምኑ ነው? ፀሐይ ከፈለግክ አዳማ ና። ቆዳ ወንበር የጂፕሰም አቧራ ለሚያራግፍ ሰው አይሆንም፣ ጨርቁ ይበቃል። ሃይብሪዱ፣ ቤንዚንና ኤሌክትሪክ የሚጠቀመው፣ 326 የፈረስ ጉልበት አለው ብለህ በሦስት ቃለ አጋኖ ጽፈሃል። ያለ ሃይብሪድ ያለው ኤስአር5 በሚሉት የታኮማ ደረጃ ላይ 278 ነው፣ እሱም ቱርቦ ነው። ዴንቨር ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ስለሆነ ቱርቦው መኖሩ ጥሩ ነው፣ ያለ ቱርቦ ሞተር ከፍታ ላይ ይደክማል። ከዚያ በላይ ጉልበት ለማን ነው የምታሳየው?

እንግዲህ የኔ ምርጫ ኤስአር5፣ ደብል ጋቢና፣ 6 ጫማ፣ ፎር ዊል። ከዚያ ከፍ ያለው ቲአርዲ ኦፍሮድ የኋላ ዲፈረንሻል መቆለፊያ አለው፣ ሁለቱን የኋላ ጎማዎች እኩል የሚያዞር። ሥራህ ከተማ ውስጥ ስለሆነ ይቅርብህ እላለሁ፣ አባትህ ግን «ይግዛው» ይላል። እሱ ሁልጊዜ እንዲህ ነው። 6 ጫማው በሁሉም ደረጃ ስለማይገኝ ሻጩ ግቢ ውስጥ የቆመውን አጭር ሊያሸክምህ ይሞክራል። «ዛሬ ከወሰድክ ቅናሽ አለ» ካለህ አመስግነህ ውጣ። ረጅሙን ማዘዝ ይቻላል፣ መጠበቅ ነው። የመጫኛው ወለል በታኮማ ላይ ብረት ሳይሆን ፕላስቲክ መሰል ስለሆነ ዝገት አያሰጋህም። ቀለም አስቀባለሁ ያልከውን ተወው፣ የጎማ ምንጣፍ አንጥፍበት። ክዳኑንም አትቸኩል። ግማሹን ጊዜ ቦርድ ስትጭን ልታነሳው ነው።

ከመፈረምህ በፊት ባለቤትህ ትንዳው። አንተ ሥራ ስትውል ትንሿን ሐኪም ቤት የምታደርሰው እሷ ናት። ከፍታው ከከበዳት መርገጫ ብረት ጨምር፣ እሱ በኋላም ይገባል።

የጋራዡን ልክ በሴንቲ ሜትር ጻፍልኝ፣ በጫማ አትላክብኝ፣ እህትህ ማካፈል ሰልችቷታል። አባትህ ነጭ ይሁን ብሏል። እኔ ቀለሙ ላይ የለሁበትም።

እናትህ፣
ከአዳማ