መሪውን አይሽጡት

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ሳምንት በዚሁ ገጽ የወጣውን የአንድ አንባቢ ደብዳቤ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሰውዬው ሲም ሬሲንግ፣ ማለትም በኮምፒውተር ላይ በመሪና በፔዳል የሚነዳ የመኪና ውድድር፣ ከጀመሩ ስምንት ወር ሆኗቸዋል። ጣሊያን ባለው የሞንዛ መወዳደሪያ ላይ፣ ጂቲ3 በሚባለው የውድድር መኪና አንድ ዙር ከ1:56 (ከ1 ደቂቃ ከ56 ሰከንድ) በታች መጨረስ አቅቷቸዋል። ኢንተርኔት ላይ ከሰው ጋር ሲወዳደሩ ደግሞ ገና የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ይገጯቸዋል። ስለዚህ መሪውንና ፔዳሉን ሊሸጡ ነው። ደብዳቤው አንጀቴን በላው። ከአራት ዓመት በፊት እኔም ልክ እዚያው ቦታ ነበርኩ። እባካችሁ ይህን መልስ አድርሱልኝ።

ወንድሜ፣ እኔ የ46 ዓመት ሴት ነኝ። የሒሳብ ባለሙያ ነኝ። ፈጣን ሾፌር አይደለሁም። አሴቶ ኮርሳ ኮምፒቲዚዮኔ በሚባለው ጨዋታ ላይ የሞንዛ ምርጥ ሰዓቴ 1:49.3 ነው። ጎበዞቹ ከዚህም ሁለት ሰከንድ ያህል ይቀንሳሉ። ስጀምር ግን እኔም 1:56 ነበርኩ። ከሥራዬ በመጣ ልማድ እያንዳንዱን ዙር ደብተር ላይ እጽፍ ነበር። ስለዚህ የትኛው ሰከንድ ከየት እንደተገኘ ልነግርዎ እችላለሁ።

ትልቁ ትርፍ የተገኘው ፍሬን ቀድሜ በመያዝ ነው። ይህን ስሰማ መጀመሪያ አላመንኩም። ፈጣን ሰው ፍሬን የሚይዘው ዘግይቶ ነው ብዬ አስብ ነበር። የሞንዛን የመጀመሪያ ቺኬን፣ ያንን ፍጥነት ለመቀነስ የተሠራ ጠባብ የቀኝና የግራ ኩርባ፣ ያውቁታል። ከረጅሙ ቀጥታ በ260 ኪሎ ሜትር ገደማ ይመጡና ወደ 70 ምናምን መውረድ አለብዎት። እኔ ለኩርባው 100 ሜትር መቅረቱን የሚናገረውን ሰሌዳ ካየሁ በኋላ ነበር ፍሬን የምረግጠው። መኪናው አይቆምም። ኩርባው ያልፈኛል። መሪውን አጥብቄ እጠመዝዛለሁ፣ የፊት ጎማዎቹ ይንሸራተታሉ፣ ከዚያ ቀጥ እስኪል እየጠበቅኩ ነዳጅ ሳልሰጥ እቆያለሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው እዚህ ቦታ ላይ በደንብ ይሠራል።

አንድ ምሽት ፍሬኑን ከ150ው ሰሌዳ ትንሽ ቀደም ብዬ ያዝኩት። የዘገየሁ መሰለኝ። መኪናው ግን ተረጋግቶ ገባ። ከቺኬኑም ቀጥ ብሎ ወጣ። ከወትሮው ቀደም ብዬ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ረገጥኩት። ሰዓቱን ሳየው ከግማሽ ሰከንድ በላይ ቀንሷል። ያን ቀን ያደረግኩት ሌላ ምንም ነገር አልነበረም።

ለምን እንደሆነ በቁጥር ላሳይዎት። ከመጨረሻው ኩርባ ከፓራቦሊካ ስንወጣ የሚጠብቀን ቀጥታ 1,100 ሜትር ያህል ነው። ያንን ርቀት በአማካይ በ220 ኪሎ ሜትር የሄደ ሰው በ18 ሰከንድ ይጨርሰዋል። በ224 የሄደው 17.7 ገደማ ይፈጅበታል። ልዩነቱ አራት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ትርፉ ግን ሦስት አስረኛ ሰከንድ ነው፣ ያውም መሪ ሳይነኩ። ሞንዛ 5.793 ኪሎ ሜትር ነው፤ አብዛኛው ቀጥታ ነው። ኩርባው ውስጥ በድፍረት የሚያገኙት ከአንድ አስረኛ አይበልጥም። ከኩርባው ሲወጡ የሚያጡት ግን እስከ ቀጣዩ ፍሬን ድረስ ሜትር በሜትር ይከተልዎታል።

ቀጥሎ ፍሬኑን አለቃቀቅ ነው። እዚህ ላይ ስድስት ወር ፈጅቶብኛል፣ እርስዎን እንዳይፈጅብዎ ነው ረዘም አድርጌ የምጽፈው። ጎማ እንደ በጀት ነው። ያለው አቅም የተወሰነ ነው። ሁሉንም ለፍሬን ካወጡት ለመታጠፍ የሚተርፍ የለም። ሁሉንም ለመታጠፍ ካወጡትም ለፍሬን አይተርፍም። እኔ ፍሬኑን እስከ ኩርባው አፍ ድረስ በሙሉ ኃይል እይዝና ድንገት ለቅቄ እታጠፍ ነበር። ፍሬን ሲያዝ የመኪናው ክብደት ወደ ፊት ያዘነብላል፤ የፊት ጎማዎቹም አስፋልቱን ይነክሳሉ። በድንገት ሲለቁት ግን ክብደቱ ወደ ኋላ ይመለሳል። አፍንጫው ይቀላል። ልክ መታጠፍ በሚፈልጉበት ቅጽበት መኪናው አልታጠፍም ይላል።

መፍትሔው መሪው በተጠማዘዘ መጠን እግርን ከፍሬኑ ላይ ማንሳት ነው። መሪው ትንሽ ሲዞር ፍሬኑ ትንሽ ይቀንሳል። መሪው ይበልጥ ሲዞር ፍሬኑ ይበልጥ ይቀንሳል። የኩርባው ውስጠኛ ጠርዝ ጋ ሲደርሱ ፍሬኑ ሊያልቅ ይገባል። በመጀመሪያ ሁለተኛው ሌስሞ በሚባለው የሞንዛ ኩርባ ላይ ተለማመዱት እላለሁ። እዚያ ፍሬኑ ከባድ አይደለም፣ ስህተቱም ወዲያው ይታያል። ውጤቱ በእጅ ነው የሚታወቀው። መኪናው ራሱ ወደ ውስጥ መዞር ይጀምራል፣ መሪው ይቀልልዎታል። መጀመሪያ ሲሆንልኝ ብቻዬን ክፍሉ ውስጥ ጮህኩ።

ዓይንም አለ። ይህን ያስተማረኝ የ16 ዓመት ልጄ ነው። ከኋላዬ ቆሞ ሦስት ዙር አየኝና «እማዬ፣ የምታዪው ኮፈኑን ነው እኮ» አለኝ። እውነቱን ነበር። በ260 ኪሎ ሜትር መኪና በአንድ ሰከንድ 72 ሜትር ይሄዳል። እኔ የማየው ሃያ ሜትር ፊቴን ነው። ያየሁትን ነገር ከአንድ ሦስተኛ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ እደርስበታለሁ። ሰው በዚያ ፍጥነት ምን ይወስናል? አሁን ፍሬን ስይዝ ዓይኔ የኩርባው ውስጠኛ ጠርዝ ላይ ነው። እዚያ ሳልደርስ ደግሞ ወደ መውጫው ይሄዳል። እጅ ዓይንን ይከተላል።

ከዓይን ጋር የሚሄድ አንድ የጨዋታው ማስተካከያም አለ፤ የእይታ ስፋት፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ የሚታየው በዲግሪ ምን ያህል እንደሚሰፋ። ብዙ ሰው የበለጠ ለማየት ብሎ ያሰፋዋል። ሲሰፋ ግን ኩርባው የራቀና የጠበበ ይመስላል፣ ፍጥነቱም ከእውነቱ ይጋነናል። ስክሪንዎ 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ኖሮት ከዓይንዎ 60 ሴንቲ ሜትር ከራቀ፣ ትክክለኛው ወደ ጎን 53 ዲግሪ ያህል ነው። ጠባብ ነው፣ አውቃለሁ። ሁለት ቀን ያስጨንቃል። ከዚያ በኋላ ርቀቱን መገመት ይጀምራሉ። ስክሪኑን ወደ መሪው ባስጠጉት ቁጥር ስፋቱን መጨመር ይችላሉ።

በደብዳቤዎ ላይ ጓደኞችዎ ውድ ዕቃ ካልገዛህ አይሆንም እንዳሉዎት ጽፈዋል። በዚህ አልስማማም። ሞተሩ የጠነከረ መሪ ስሜቱ ደስ ይላል፣ ሰዓትዎን ግን ብዙ አይቀንስልዎትም። የሚለወጥ ነገር ካለ የፍሬን ፔዳሉ ነው። ተራ ፔዳል የሚለካው እግርዎ ምን ያህል ርቀት እንደሄደ ነው። ሎድ ሴል ያለው ግን ምን ያህል ኃይል እንደረገጡ ይለካል፣ እግር ደግሞ ከርቀት ይልቅ ኃይልን ያስታውሳል። ይህም ቢሆን የመጀመሪያው ሥራ አይደለም። የመጀመሪያው ሥራ ወንበሩ ነው። የእኔ ወንበር ተሽከርካሪ እግር ነበረው። ፍሬን በረገጥኩ ቁጥር ወደ ኋላ ይንሸራተታል። እኔ እንኳ አላስተዋልኩትም። ግድግዳ አስደግፌ እግሮቹን በገመድ ካሰርኩ በኋላ ፍሬኔ ከዙር ዙር አንድ ዓይነት ሆነ።

የመኪናውን ማስተካከያ ለጊዜው ይተዉት። የእኛ ችግር የመኪናው ክንፍ ላይ አይደለም። ኢንተርኔት ላይ ከሚያዩት ሰዓት ጋርም ራስዎን አያወዳድሩ። እነዚያ ሰዎች ያንን ሰዓት የሚሠሩት ታንኩ ውስጥ ጥቂት ሊትር ብቻ ይዘው ነው። እርስዎ ለውድድር 60 ሊትር ሲጭኑ 45 ኪሎ ያህል ተሸክመዋል። ስለማመድ የምከተለውም በጣም ፈጣኑን ሰው ሳይሆን ከእኔ በግማሽ ሰከንድ የሚፈጥነውን ሰው ጎስት፣ ማለትም የነዳውን ዙር በጥላ መልክ የሚያሳየውን መኪና ነው። የፈጣኑ ሰው ጎስት በሁለት ኩርባ ውስጥ ከዓይኔ ይጠፋል፣ ምንም አያስተምረኝም። ያኛው ግን ፊቴ ነው፤ የት እንደሚያመልጠኝ ይታየኛል። በአንድ ምሽት አንድ ኩርባ ብቻ እሠራለሁ። ከተናደድኩ አቆማለሁ።

አሁን ወደሚያሳዝነኝ ነገር ልምጣ፤ ወደ ግጭቱ። ክፍት ውድድሮች ላይ የመጀመሪያው ቺኬን የመኪና መቃብር ነው። ሃያ ምናምን መኪና ጎማው ገና ሳይሞቅ አንድ ጠባብ በር ውስጥ ሊገባ ይሞክራል። አንዳንዱ ፍሬን የሚይዘው ብቻውን ሲለማመድ በያዘበት ቦታ ላይ ነው። ፊቱ መኪና ሲኖር ቀድሞ መያዝ እንዳለበት ማንም አልነገረውም። እርስዎም የተጎዱት በአብዛኛው በእንደዚህ ዓይነቱ ሰው ነው። ክፉ ሆኖ አይደለም፣ አላወቀም። አውቆ የሚገጭም አለ፤ እሱን ግን ይቅር አልልም። አንድ ሰው ከሥራ መልስ ያለችውን አንድ ሰዓት ይዞ ሲመጣ ያንን ማበላሸት ነውር ነው።

እኔ ሁለት ነገር አደረግኩ። መጀመሪያ፣ ለአንድ ወር ያህል ሆን ብዬ ከሁሉም ኋላ ተነሣሁ። የመጀመሪያው ቺኬን ላይ ፊቴ ሲጋጩ በዝግታ በመካከላቸው አልፋለሁ። ምንም ሳልቀድም አምስት ስድስት ቦታ ወደ ፊት እሄዳለሁ። ሁለተኛ፣ የሾፌሩን ጥንቃቄ ነጥብ የሚጠይቁ የኢንተርኔት ውድድር ክፍሎችን መረጥኩ። አይሬሲንግ በሚባለው ጨዋታ ላይ ለምሳሌ ከመስመር ሲወጡ 1፣ መኪናው ከቁጥጥርዎ ሲወጣ 2፣ በኃይል ሲጋጩ 4 ነጥብ ይመዘገብብዎታል። ንጹሕ የነዳ ሰው በጨዋታው ያለው የመንጃ ፈቃድ ደረጃ ከፍ ይላል፤ ቀስ በቀስም ከሚጠነቀቁ ሰዎች ጋር መሰለፍ ይጀምራል። ያ ዓለም ከሚያውቁት ክፍል በጣም ይለያል።

እኔም በድያለሁ። አስካሪ በሚባለው የሞንዛ ኩርባ ላይ አንዷን መኪና ከውስጥ በኩል ልቀድም ብዬ ዘግይቼ ገባሁ። ኋላዋን መታሁት፣ ሣሩ ላይ ዞራ ቀረች። ልክ ነኝ ብዬ ስከራከር ቆየሁ። ማታ ሪፕሌዩን፣ የውድድሩን ቅጂ፣ በተመታው ሾፌር መኪና ካሜራ አየሁት። መታጠፍ ሲጀምር እኔ ገና ጎኑ አልደረስኩም ነበር። ሊያየኝ አይችልም። መልእክት ልኬ ይቅርታ ጠየቅኩት። ከዚያ ወዲህ መኪናዬ ቢያንስ እስከ በሩ ካልደረሰ አልገባም። በተጋጫችሁ ቁጥር ሪፕሌዩን ከሌላው ሰው ወንበር ሆኖ ማየት ጥሩ ልማድ ነው፤ ከየትኛውም ትምህርት በላይ ጠቅሞኛል።

ጋዜጣችሁ ስለዚህ ስፖርት ሲጽፍ ሁልጊዜ ከቪዲዮ ጨዋታ ተነሥቶ እውነተኛ የውድድር ሾፌር ስለሆነው ስለ ጃን ማርደንቦሮ ይጽፋል። ግራን ቱሪስሞ በሚባለው ጨዋታ ላይ የሚጀምረውን የጂቲ አካዳሚ ውድድር እ.ኤ.አ. በ2011 አሸንፎ፣ በ2013 ፈረንሳይ ውስጥ ሌ ማን ላይ የ24 ሰዓቱን ውድድር ነዳ። ድንቅ ታሪክ ነው። የእኔና የወንድሜ ስፖርት ግን 14ኛ ቦታ ላይ ነው ያለው። ስለሱም አንድ ቀን ጻፉ።

እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። ባለፈው ወር ማክሰኞ ማታ የ30 ደቂቃ ውድድር ነበር። ከፊቴ አንድ ብርቱካናማ መኪና አለ። ስሙ የተጻፈው በማላነበው ፊደል ነው። ለ14ኛ ቦታ አሥራ አንድ ዙር ተከታተልን። ቀጥታው ላይ እደርስበታለሁ፣ ሌስሞ ላይ ያመልጠኛል። ሁለት ጊዜ ጎን ለጎን ሆነን ቺኬኑ ውስጥ ገባን። ሁለቱንም ጊዜ አንድ መኪና የሚያስገባ ቦታ ተወልኝ፣ እኔም ተውኩለት። አንዴ እንኳ አልተነካካንም። መዳፌ ላብ በላብ ሆነ። በመጨረሻው ዙር ፓራቦሊካን ከሱ ቀደም ብዬ ነዳጅ ሰጥቼ ወጣሁ፣ መስመሩ ላይ በግማሽ መኪና ቀደምኩት። ውድድሩ ካለቀ በኋላ ጎኔ መጣና ሦስት ጊዜ መብራት አበራልኝ። እኔም አበራሁለት። የዚያን ቀን ምርጥ ዙሬ 1:50.8 ነበር፤ ከራሴ ምርጥ ሰዓት በአንድ ሰከንድ ተኩል የዘገየ። ደብተሬ ላይ ግን ከሥሩ ሁለት ጊዜ ያሰመርኩበት ያ ገጽ ብቻ ነው።

ወንድሜ፣ ማክሰኞ ማታ ሞንዛ ላይ ከሁሉም ኋላ የምትነሣ ሰማያዊ መኪና ካዩ እኔ ነኝ። ጎኔ ከደረሱ ቦታ እተውልዎታለሁ።

የዘወትር አንባቢያችሁ