ጉርሻዬን ተቀበልልኝ

ቱሉ ዲምቱ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ጓደኛዬና ወንድሜ፤

ከነቤተሰብህ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ ደኅና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። «አለሁ» የሚለውን ቃል ዘንድሮ ለሰላምታ ያህል ብቻ እንዳልጻፍኩት ዝቅ ብለህ ስታነብ ይገባሃል።

ይቅርታውን ቶሎ ብዬ ልጨርሰው፤ ካዘገየሁት ይህንንም ደብዳቤ እቀደዋለሁ፤ ሁለት ጊዜ ቀድጃለሁ። ለእናትህ ለቅሶ አልደረስኩም። መጋቢት ላይ ደጋግመህ ስትደውል ስልኩን እያየሁ አላነሳሁም። «ይሄ ልጅ ከስቷል» እያሉ ከአንተ አስቀድመው ያጎርሱኝ የነበሩ እናት ሲቀበሩ ከሳጥኑ ኋላ አልቆምኩም። የፈለግኸውን በለኝ፤ ንቆ ቀረ ግን አትበለኝ። እርሳቸው ባረፉበት ሳምንት እኔ ሆስፒታል ተኝቼ ነበር። ጨጓራዬን አውጥተውት ነበር።

ከዚህ የለዘበ አማርኛ ብፈልግ አጣሁ። ካንሰር ነው። እቤታችን «ያ በሽታ» ነው የምንለው፤ ስሙን ሙሉ ጽፌ ሳየው ይህ የመጀመሪያዬ ነው። አንተን በሐዘንህ ላይ ይህን እንዴት ልንገርህ ብዬ አንድ ወር ቆየሁ፤ ከዚያ ወሩ ራሱ ማፈሪያ ሆነብኝ፤ ከማፈሬ የተነሣ ሌላ ወር ጨመርኩበት። እንዲህ ነው ዘጠኝ ወር የሞላው።

የጀመረው በ2016 ክረምት ነው። ሁለት ሦስት ጉርሻ ስበላ ድግስ እንደዋለ ሰው ጥግብ ይለኝ ነበር። ከኮተቤ ኮሌጅ ጀምሮ ተልባ ስንበጠብጥ የኖርን ሰዎች አይደለንም? የለመድኩት ጨጓራ ነው ብዬ ኦሜፕራዞል እየገዛሁ ስውጥ ከረምኩ። ትልቋ ልጄ ናት በግድ ወስዳ ኢንዶስኮፒ፣ በአፍ በሚገባ ካሜራ ጨጓራን የሚያዩበትን ምርመራ፣ ያስነሣችኝ። ናሙና ተወሰደ፤ ውጤቱ መስከረም 2017 መጣ።

ኬሞቴራፒው ከቀዶ ጥገናው በፊት አራት ዙር፣ ከዚያ በኋላ አራት ዙር ነበር። አንዱ ዙር 21 ቀን ነው። በመጀመሪያው ቀን ኦክሳሊፕላቲን የሚባለውን መድኃኒት በደም ሥሬ ሁለት ሰዓት ያህል ያንጠባጥቡልኛል፤ ከዚያ ለ14 ቀን ካፔሲታቢን የሚባል እንክብል ጠዋትና ማታ እውጣለሁ፤ ሰባት ቀን አርፋለሁ፤ እንደገና ይጀመራል። ማስታወክና መድከም ይኖራል ብለው ነግረውኝ ስለነበር እሱን ጠብቄው ነበር። ያልጠበቅሁት ብርዱን ነው። መድኃኒቱ በገባ ሳምንት ቀዝቃዛ ነገር ስነካ ጣቶቼን መርፌ ይወጋቸዋል፤ ቀዝቃዛ ውኃ ብጎነጭ ጉሮሮዬ ይያዛል። የቱሉ ዲምቱን የኅዳር ንጋት ደግሞ ታውቀዋለህ። ውኃ በፈረቃ ስለሆነ ሌሊቱን በርሜል ውስጥ ያደረ ውኃ ነው ፊቴን የምታጠብበት። ባለቤቴ እያሞቀች ትሰጠኝ ጀመር፤ የብረት በሩን እጀታ ሳይቀር በአሮጌ ሹራብ ጠቀለለችው። ያቺን ሰማያዊ ሹራብ አስታወስካት? እስካሁን እጀታው ላይ ናት፤ እንዳትፈታት ለምኛታለሁ። የእንክብሉ ዕዳ ደግሞ መዳፌ ላይ ነበር፤ ቀልቶ ተላጠ፤ ጠመኔ መያዝ አቃተኝ። የእግሮቼ ጣቶች ዛሬም ይደነዝዛሉ፤ ደረጃ ስወርድ እያየሁ ነው የምረግጠው።

ቀዶ ጥገናውን ብዙ አላወራህም። ሐኪሙ ቀደም ብሎ ወረቀት ላይ ሥሎ አሳይቶኛል፦ ጨጓራው ሙሉ በሙሉ ይወጣል፤ ጉሮሮን ከጨጓራ የሚያገናኘው ቧንቧ በቀጥታ ከቀጭኑ አንጀት ጋር ይሰፋል። «ታዲያ በምን እበላለሁ?» አልኩት። «በአንጀትህ፤ ግን በጥቂት በጥቂቱ» አለኝ። ቫይታሚን ቢ 12 ከምግብ ወደ ሰውነት የሚገባው በጨጓራ እርዳታ ስለሆነ ዕድሜዬን ሙሉ በመርፌ እወስደዋለሁ። ከ74 ኪሎ ወደ 60 ወርጃለሁ። የሕክምናው ዙር ሐምሌ ላይ አልቋል፤ የካቲት ላይ ሲቲ ስካን አለኝ። ስለ የካቲቱ አሁን አልጻፍም።

የምጽፍልህ ስለ መብላት ነው። ወንድሜ፣ ርሃብ ጠፋብኝ። ርሃብን ለአንጎል የሚያሳውቀው ንጥረ ነገር በአብዛኛው የሚመነጨው ከጨጓራ ነው አሉኝ፤ ጨጓራው ሲሄድ እሱም ሄደ። በሰዓት ነው የምበላው፤ በየሁለት ሰዓቱ የስልኩ ማንቂያ ይጮኻል። ትንሹ ልጄ ሩጦ መጥቶ «አባባ፣ ደረሰ» ይለኛል፤ ግማሽ እንቁላል ወይም በስስ ሽሮ የራሰ ሁለት ቁራሽ እንጀራ ይዤ እቀመጣለሁ፤ እስኪልም አኝካለሁ። ውኃ ከምግብ ጋር አይሄድም፤ ግማሽ ሰዓት ማራራቅ አለብኝ። ነቢያትን አልጾምኩም፤ የንስሐ አባቴ ፈትተውኛል። ሳይጾሙ የገናን በዓል መጠበቅ እንዴት እንደሚከብድ አንተ ትረዳኛለህ።

ጳጉሜን ላይ ጎረቤቴ ለልጁ ክርስትና ጠራኝ። የሕፃኑ አያት፣ እንዴት ያሉ ደግ ሴት መሰሉህ፣ ከስቼ ሲያዩኝ ከዶሮው ጠቅልለው መጡ። በእናቴ ብል አልሰሙኝም። ቆመው እጃቸውን ዘርግተው ሲጠብቁ እምቢ ማለት እንዴት ይቻላል? ጎረስኩ። «አንድ ያጣላል» ብለው ሁለተኛውን አስከተሉ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ልቤ እንደ ከበሮ ይመታ ጀመር፤ ላብ አጠመቀኝ፤ ሆዴ ተቆረጠ፤ ዓይኔ ጨለመ። ምግቡ የሚያርፍበት ከረጢት ስለሌለ ባንድ ጊዜ አንጀት ውስጥ ሲወርድ እንዲህ ያደርጋል፤ ጣፋጭ ሲሆንማ ይብሳል። እኔ ይህን አውቃለሁ፤ እነሱ ግን ደረጃው ላይ አስተኝተው ጠበል ረጩኝ፤ አንዱ «ዓይን ነው» አለ፤ አያትየው እያለቀሱ «ገደልኩት፣ ገደልኩት» ይሉ ነበር። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ተነሣሁ። የእርሳቸው ለቅሶ ግን ከጆሮዬ አልወጣም። ከዚያ ቀን ወዲህ ድግስ ቤት አልሄድኩም። የእድሩ ሰዎች በር ላይ ሲያገኙኝ «ምን አስቀየምንህ?» ይሉኛል።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ለእናትህ ሳልቆም ለእኔ ቁምልኝ ማለት ነውር ነው፤ አውቄዋለሁ፤ ሌላ የምለምነው ሰው ግን የለኝም። ትልቋ ልትዳር ነው! እሑድ ጥር 17። ያቺ አንገትህ ላይ ተቀምጣ ጃን ሜዳ ጥምቀትን ያየች ልጅ። ልጁ ጨዋ ነው፤ ሽማግሌ ልኮ ነው የጠየቀን፤ ኅዳር ላይ ሰጠናቸው። እኔ በሕይወት ኖሬ እሺ አልኳቸው። ያን ቀን ማታ ባለቤቴና እኔ ሳንነጋገር ቆየን፤ ዝም ብለን እጅ ለእጅ ተያይዘን ተቀመጥን።

ሰርጉም መልሱም ገበታ ነው። የሙሽራው አባት ከእኔ ጋር ይቀመጣሉ፤ ማጉረስ የሚወዱ ሰው ናቸው፤ በሽምግልናው ዕለት አይቻለሁ። ለአማች እምቢ አይባልም። በልጄ ሰርግ ላይ በላብ ተጠምቄ ሰው ተሸክሞኝ ሲወጣ በየሌሊቱ ይታየኛል። ስለዚህ በቀኜ ተቀመጥልኝ። ጉርሻ ሲመጣ አፍህን ከፍተህ «የእሱን ለእኔ» በል። በኮተቤ ካፍቴሪያ የሦስት ሰው ድርሻ ጠርገህ አራተኛውን ስታማትር የነበርክ ሰው ይህን አቃተኝ ብትለኝ አላምንህም። ሰውም ይስቃል፤ ነገሩ በሳቅ ያልፋል፤ እኔም ትንሿን ሳህኔን ይዤ ልጄን እያየሁ እቀመጣለሁ።

አንድ የደበቅሁህ አለ። የሙሽራው ቤተሰቦች አያውቁም። ለምን ከሳህ ሲሉኝ «ስኳር ነው» አልኳቸው። ዋሸሁ። ነገ «በዘራቸው ያለ ነው» ብለው ልጄን በሌላ ዓይን እንዳያዩብኝ ፈርቼ ነው፤ ሐኪሙ እኮ አብዛኛው በዘር የሚወረስ አይደለም ብሎኛል። ልጄ «አባባ፣ እኔ ልንገራቸው» ትለኛለች። ከሰርጉ በፊት ልንገር ወይስ… እንጃ። አንተ አስታራቂ አባት ያሳደገህ ሰው ነህ፤ አስብበትና ስትመጣ ንገረኝ። ንገር ካልከኝ እናገራለሁ።

ይህን ደግሞ እንደ ታናሽ ወንድምህ እለምንሃለሁ፦ ያንን ቃርህን ተመርመር። ሕክምናውን ስጠባበቅ ብዙ አነበብኩ። ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የሚባለው የጨጓራ ባክቴሪያ ለዓመታት ሲቀመጥ ጨጓራን እያቆሰለ አንዳንዱን ሰው እንደ እኔ ያደርገዋል። ባሪ ማርሻል የሚባል አውስትራሊያዊ ሐኪም በፈረንጆች 1984 ሰው አላምን ሲለው ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ታመመ፤ በ2005 ከባልደረባው ጋር ኖቤል ተሸለሙ። በሰገራ ወይም በትንፋሽ ይመረመራል፤ ከተገኘ በፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ይጠፋል። እኔና አንተ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በተልባ አባበልነው። ጥር ላይ ስትመጣ ውጤቱን በኪስህ ይዘህ ና፤ ካልያዝክ አላናግርህም።

ደስታዬንም ልንገርህ። ባለፈው ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሽሮ እየተቁላላ ነበር። ደረጃው ላይ ቆምኩ፤ ምራቄ መጣ። አልራበኝም፤ አማረኝ። ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ያማረኝ ነገር አልነበረም። ግድግዳውን ይዤ አለቀስኩ፤ የቤቱ ልጅ በሩን ከፍታ አይታኝ ደንግጣ ዘጋችው። እሷን ገና ይቅርታ አልጠየቅኋትም።

ወደዚህ ስገባ «ቤትህ አዲስ አበባ ነው ወይስ አዳማ?» ብለህ ያሾፍክብኝ አሁን ይጠቅምሃል፤ ከሐዋሳ ስትመጣ ከተማ ድረስ አትድከም፤ ከፈጣን መንገዱ መውጫ፣ ክፍያ ጣቢያው ጋ ውረድና ደውልልኝ፤ አነሣለሁ። ዓርብ ግባ፤ ቅዳሜ ሥራ አለብን።

ከመልሱ በኋላ አብሬህ ወደ ሐዋሳ እወርዳለሁ። የእማማን መቃብር አሳየኝ፤ ቤትህም ገብቼ የቀረብኝን ለቅሶ ልቀመጥ። በየሁለት ሰዓቱ ስለምበላ መንገድ ላይ መቆም ግድ ነው፤ ሞጆ፣ መቂ፣ ዝዋይ፣ ሻሸመኔ። ሹፌሩን የምትለምነው አንተ ነህ።

ወንድምህ